ከአበባዬ በታች የነበሩት ዓሣዎች

ሽማግሌ አበባ ሲተክል በእኛ አገር ብዙ አይታይም። ሽማግሌ ቢተክል ጌሾ ይተክላል፣ ባሕር ዛፍ ይተክላል፣ ምንም ከሌለው ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ ተደግፎ ይቀመጣል። እኔ ግን ሰባን ካለፍሁ በኋላ፣ ከወገዳ ቁልቁል ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው፣ ሞቅ በሚለው የስማዳ በኩል፣ ጓሮዬ ውስጥ የውሃ አበባ ተከልሁ። ሰው ያላለኝ ነገር የለም። እኔ ራሴን ካልሁት ጋር ሲተያይ ግን የእነሱ ምርቃት ነው።

ጉድጓዱ መጀመሪያ ለሽንኩርት ማጠጫ ተብሎ የተቆፈረ ነው። የግብርና ሰዎች ጥቁር ፕላስቲክ አምጥተው አነጠፉልን፤ ከምንጩ የሚመጣው ቦይ በተራ ይሞላዋል። ሽንኩርቱን ሁለት ዓመት አጠጣሁ። በሦስተኛው ዓመት ዓይኔን ልታከም ባሕር ዳር ወረድሁና ሐይቁ ዳር ያን አበባ አየሁት። ቅጠሉ እንደ እንጀራ ክብ ሆኖ ውሃው ላይ ተኝቷል፤ አበባው ከመካከል ቀና ብሎ የሚታዘብ ይመስላል። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሥሩን ነቅሎ ሰጠኝ። እንደ ዝንጅብል የወፈረ ሥር ነው። ጄሪካን ቆርጬ በጭቃ ውስጥ ከትቼ በአውቶቡስ ይዤው መጣሁ። ሰዎች ምንድን ነው ሲሉኝ መድኃኒት ነው አልሁ። ለምን ሲሉኝ ለእርጅና አልሁ። ሁለት ሴቶች ቅንጣቢ ለመኑኝ።

አተካከሉን ቀዛፊው ነግሮኝ ነበር። አሮጌ ሳፋ ውስጥ ጭቃ ጠቅጥቄ ሥሩን አጋድሜ አስተኛሁት፤ ጭቃው ውሃውን እንዳያደፈርሰው ጠጠር አለበስሁት። ከዚያ ሳፋውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ቅጠሉ በረዘመ ቁጥር አንድ አንድ ድንጋይ እያወጣሁ ወደ ታች አወርደው ጀመር። ለልጆቼ ይህን ያህል ተጠንቅቄ አላውቅም፤ እነሱም ይህን ነግረውኛል።

ከእኔ ጉድጓድ በአንድ እርከን ዝቅ ብሎ የዋርሳዬ ጉድጓድ አለ። ዋርሳዬ የሟቹ ታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት። እሷ ለእኛ ቤት ሙሽራ ሆና ስትመጣ እኔ ገና ጺም አላበቀልሁም ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስንነታረክ ኖረናል። አንተ አንቺ እንባባላለን፤ ለሰማን ሰው ልንደባደብ የደረስን እንመስላለን። የእኔ ጉድጓድ ሲሞላ ትርፉ በመፍሰሻው አፍ ወጥቶ፣ በትንሽ ቦይ አድርጎ ወደ እሷ ይወርዳል። የእሷ ውሃ ውስጥ ያለው ዓሣ ነው፣ ቆሮሶ የሚሉት። ቁም ነገር ነው እንግዲህ። የእኔን ስታይ፣ «አንተ አበባ አጠጥተህ የተረፈህን ነው ዓሣዎቼ የሚጠጡት በለኛ» ትላለች።

ካቻምና የመጀመሪያዎቹን ዓሣዎች አንድ እግረ ረጅም ወፍ ለቅሞ ጨረሰባት። እንደገና አንድ እፍኝ ጫጩት ለምና አመጣች። ጉድጓዱ ላይ እሾህ ከመረብ ጋር ዘረጋች፤ አተላና ምስጥ እየመገበች አሳደገቻቸው። ዘንድሮ እናቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫጩት ያዙ። ቆሮሶ ጫጩቶቿን የምትይዘው በአፏ ነው። እስኪጠነክሩ ድረስ አፏን ገጥማ ትዞራለች፤ ምግብ አትቀምስም። ዋርሳዬ ይህን ያየች ቀን ጠርታኝ ጉድጓዱ ዳር አስቀመጠችኝና፣ «ተመልከታት፤ አንተ አንድ ዓርብ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልጾምህም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ትደጋግም ጀመር። «እነዚህም ከሞቱብኝ አፈር ሞልቼ ጎመን ነው የምተክልበት። ሦስተኛ ጊዜ የሚጀምር ልብ የለኝም» ትላለች። ዋርሳዬ በወንድሜ ተዝካር ላይ እንኳ ቀልዳ ሰው ያሳቀች ሴት ናት። ይህን ስትናገር ግን ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

እኔ በበኩሌ ከላይ ከቀንድ አውጣ ጋር ትግል ገጥሜ ነበር። ስድስት ቅጠል ውሃው ላይ ተኝቷል፤ ከመካከሉ አንድ እንቡጥ እየወጣ ነው፣ ከውሃው በላይ ለመታየት ስንዝር ቀርቶታል። ቀንድ አውጣው ደግሞ ቅጠሉን ከሥሩ እንደ ወንፊት ይበሳዋል፤ እንቁላሉን እንደ ንፍጥ ይለጥፍበታል። በእጄ ልለቅም ሞከርሁ። ዓይኔ እንደምታውቁት ነው፤ ግማሽ ቀን ስለቅም ውዬ ጣሳው ውስጥ ባይ አብዛኛው ጠጠር ነው።

አጥራችን ላይ እንዶድ አለ። ሚስቴ ፍሬውን አድርቃ ለነጠላ ማጠቢያ ታስቀምጣለች። እንዶድ ቀንድ አውጣና አልቅት እንደሚገድል ከልጅነቴ አውቃለሁ። የማውቀው ነገር ትንሽ ነው፤ እሱም መካከሉ ላይ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ይህን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው። ሚስቴ ያን ቀን ማዶ ልቅሶ ሄዳ ነበር። ብትኖር ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ለአንድ ጋቢ አንድ እፍኝ እንዶድ ይበቃል። እኔ ጉድጓዱን ከጋቢ ጋር በዓይኔ አስተያየሁና አንድ ሙሉ ቅል ወቀጥሁ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጉድጓዱን ዞሬ ዞሬ በተንሁት። በእንጨት አማሰልሁት። አረፋው እንደ ጥሩ ጠላ ተነሣ። ቀንድ አውጣዎቹ አንድ በአንድ ከቅጠሉ ሲረግፉ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ራሴን አመሰገንሁ። ሌላ የሚያመሰግነኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ብዙ አልቆየም። የትንኝ እጭ ይብሉልህ ብላ ዋርሳዬ የሰጠችኝ አምስት ስድስት ትንንሽ ዓሣዎች ነበሩኝ። አንዷ ወደ ላይ መጣችና አፏን ከውሃው በላይ ከፈት ከደን አደረገች። ሁለተኛዋም መጣች። ሦስተኛዋ በጎኗ መጣች።

ያን ጊዜ የድጓ ትምህርት ቤቱ ቤተ ልሔም ትዝ አለኝ። በልጅነቴ ድጓ ልማር ወደዚያ ሄጄ ነበር፤ ከድጓው ይልቅ ቆሎውን በደንብ ይዤ ነው የተመለስሁት። ወንዙ ወርደን ልብሳችንን በእንዶድ ስናጥብ ከእኛ በታች ትንንሽ ዓሣዎች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ይንሳፈፉ ነበር። የኔታም ከብት ከሚጠጣበት በታች ሂዱና እጠቡ ብለው ይቆጡን ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ይህ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጧት ሲፈለግ አልወጣም፤ አሁን ወጣ።

ወደ መፍሰሻው አፍ ሮጥሁ። መሮጥ ያልሁት እናንተ ስለማታዩኝ ነው። አፉ ደረቅ ነው። ውሃው ከአፉ በታች አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። ወደ ዋርሳዬ አንድ ጠብታ አልወረደም። በሁለት በሦስት ቀን የእንዶዱ ኃይል ይሞታል፤ እስከዚያ ውሃው እዚሁ ይታሰር። እግዚአብሔርን አመሰገንሁና ልቀመጥ ስል፣ ከላይ በደረቁ ቦይ ውስጥ የሚመጣ ውሃ ሰማሁ።

ተራዬ ነበር። ይኸውም በትክክል ተራዬ እንኳ አልነበረም፤ ለእንቡጡ ውሃ እንዳያንሰው ብዬ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተራ አስከባሪውን ደረቱን ይዤ ለምኜ ያስቀደምሁት ተራ ነው። እኛ የውሃ አባት የምንለው እሱ ነው፤ ቦዩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ብቻ ነው። የለመንሁትን ረስቼዋለሁ። እሱ ግን ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው።

ውሃው ጉድጓዴ ውስጥ መግባት ጀመረ። ሳር ከነአፈሩ በዶማ ቆርጬ መፍሰሻው አፍ ላይ ደፈንሁበት። አልበቃ ሲል ጋቢዬን ጠቅልዬ ጎሰጎስሁበት። ከዚያ ወደ ቦዩ ራስ አቀበቱን ያዝሁ። በደህና ጊዜ ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ነው። በየሃያ እርምጃው ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ውሃው በአጠገቤ ቁልቁል ያልፈኛል። እኔ ወደ ላይ ስሄድ እሱ ወደ ታች ሥራውን ይሠራል።

የውሃ አባት ዶማውን ተደግፎ ቆሟል።

«ምነው አባቴ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ።

«ዝጋው።»

«ምኑን?»

«ውሃውን። ተራዬን ትቼዋለሁ።»

«ትናንት ዛሬ ካልሆነ ብለው ያዙኝ። ዛሬ ደግሞ ዝጋ ይሉኛል። ብዘጋው ለማን ልስጠው? የሚቀጥለው ሰው መደቡን አላዘጋጀም። ገደል ልስደደው? ነገ በስብሰባ ላይ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።»

እውነቱን ብነግረው በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እኔ ግን፣ «ክትሩ ሊፈርስብኝ ነው» አልሁት። ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቂል ነው ከሚለኝ ክትሩ ደካማ ነው ቢለኝ መረጥሁ።

«ክትሩ ከሆነ አብረን ሄደን እንይና እንደግፈዋለን» አለ ደግ ሰው፤ ዶማውን አነሣ።

«መጀመሪያ ዝጋው፣ ልጄ። እለምንሃለሁ።»

ፊቴን አየ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ ሁለት ዶማ ጭቃ ጣለና ውሃውን ዘጋ። ነገር ግን ቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ታች መሄዱን አልተወም። ቁልቁል ስንወርድ እኔ እየተንሸራተትሁ፣ እሱ ክንዴን ይዞኝ፣ ጉድጓዴ ዳር ደረስን። ጋቢዬ ከመፍሰሻው አፍ ወጥቶ ትንሹ ቦይ ውስጥ ተዘርግቷል። ሳሩን ውሃው ጠርጎታል። ነጭ አረፋ በቦዩ ግራና ቀኝ ተጣብቋል። ምን ያህል ጊዜ እንደፈሰሰ አላወቅሁም። የውሃ አባት አረፋውን አየ፤ እኔን አየኝ። ከዚያ ከታች የዋርሳዬ ድምፅ መጣ።

«ዋርሳ፣ አለህ? ዓሣዎቼን እንጃ። ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።»

እርከኑ ጫፍ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። መረቡን ገልጣለች። ጉድጓዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የዓሣ አፍ ነው።

«ብርብራ ጥለውብኝ ነው» አለች። ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣ የሚያሰክር ዛፍ ነው፤ ወንዝ ወርደው ዓሣ የሚያጠምዱ ጎረምሶች ይዘውት ይሄዳሉ። «ትናንት እነዚያ ጎረምሶች በዚህ ሲያልፉ አይቻለሁ። ብርብራ ከሆነ ንጹሕ ውሃ ቶሎ ካገኙ ይነቃሉ። ያንን የአንተን ውሃ ልቀቅልኝ። ሙሉውን ልቀቀው፣ ፈጠን በል።»

ሳሩን የቆረጥሁበት ዶማ በእጄ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ጎረምሶቹ ጥፋቴን ሳይጠየቁ ተሸክመውልኝ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ የውሃ አባት ቢያውቅም የሚያወራ ሰው አይደለም። ግን እሷ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ ውሃውን እየጠበቀች ነው። ዝም ብዬ ብለቀው የቀሩትንም እገድላለሁ። ዝም ብዬ ባልለቀው ደግሞ ዓሣዎቿ ሲሞቱ ውሃ የከለከልኋት ዋርሳ እሆናለሁ። ወደ የትም የሚያስወጣ መንገድ አልነበረም።

«የሰው ጆሮ የለህም እንዴ? ልቀቀው እንጂ» አለች።

«ዋርሳ፣ ብርብራ አይደለም። እንዶድ ነው። ከእኔ ውሃ ነው የመጣው።»

«ማን ጣለው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ለቀንድ አውጣ።»

«ለአበባው» አለች።

«ለአበባው።»

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ አሰረችና፣ «ውረድ። ዓሣ ያዝልኝ» አለች። ለውሃ አባትም፣ «ከላይ ያለውን ውሃ በእሱ ጉድጓድ ሳይገባ የምታመጣልኝ መንገድ አለ?» አለችው።

«በሽንኩርቱ መካከል ካልቆረጥሁ የለም» አለ፣ እኔን እያየ።

«ቁረጠው» አልሁ።

ሽንኩርቴ መካከል አዲስ ቦይ ሲቀድ እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ነበርሁ። ነጠላዋን በአራት ማዕዘን ይዘን፣ ከሥር ከሥር እያነሣን፣ ዓሣዎቹን ወደ ዳር እናወጣለን። የዝናብ ውሃ የምታጠራቅምበት አንድ በርሜል ነበራት። እሱ ሲጠብብን ለማኅበሩ የታጠበውን የጠላ ጋን አስመጣች። የሞቱትን አናወጣም፤ ትንፋሽ ያለውን ብቻ።

ከዚያ ትልቋን እናት አገኘናት። ጉድጓዱ ጥግ ላይ ነበረች፤ አፏን እንደ ሌሎቹ አልከፈተችም። ሌላው ሁሉ አየር ሲለምን እሷ ገጥማዋለች። ነጠላው ሲነካት ግን አልቻለችም፤ ከፈተችው። ጫጩቶቹ እንደ ጤፍ ነጠላው ላይ ፈሰሱ።

ዋርሳዬ እጆቿን እንደ ጣሳ አድርጋ ከሥር ያዘቻቸው። «ሳፋ፣ ሳፋ አምጣ» አለች። ያለኝ ሳፋ አንድ ነው፤ እሱም የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ከውሃ ወጥቼ ወደ ቤቷ ሄድሁና የሊጥ ቡሃቃዋን ተሸክሜ መጣሁ። አልተቃወመችም።

የላዩ ጉድጓዴ ገና ሙሉ ነበር፤ የመፍሰሻው አፍም በደንብ አልተደፈነም፤ ጠብ ጠብ ይላል። የውሃ አባት ደፍኖት ነበር፣ ግን ከሥር ይሰርጋል። አዲሱ ውሃ ሊደርስ ነው፤ የእኔ ደግሞ ከአጠገቡ ይንጠባጠባል። ወጥቼ በባሕር ዛፉ በኩል ያለውን ክትር በዶማ መታሁ። ጥቁሩ ፕላስቲክ ሲገለጥ በቢላዋ ከላይ እስከ ታች ቀደድሁት። ውሃው በአንድ ጊዜ ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ፤ እዚያ የሚጠጣው ማንም የለም። ሳፋው ተገልብጦ ጭቃ ላይ ቀረ። ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተጣበቁ። አበባህ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም የምጠይቅበት ፊት አልነበረኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሞቱትን በኩንታል ከረጢት ሰብስበን ቀበርን። ብዙ ነበሩ። በበርሜሉና በጋኑ ውስጥ ያሉት ግን ይንቀሳቀሳሉ። ትልቋን እናት ከጫጩቶቿ ጋር ቡሃቃው ውስጥ ለብቻ አደረግናት፤ ወንፊት ከደንበት። አፏን አልከፈተችም፤ ጫጩቶቹም አልቀረቧትም። ዋርሳዬ ወንፊቱን እየገለጠች ታያለች፣ መልሳ ትከድናለች። የወንድሜ የመጨረሻ ሕመም ጊዜ እንዲሁ መጋረጃ ገልጣ ስትከድን አይቻታለሁ።

ሚስቴ ከልቅሶ ስትመለስ እርጥብ ለእርጥብ ሆኜ ምድጃ ዳር አገኘችኝ። ሁሉንም ነገርኋት። «ቅሉ ሙሉ?» አለች። «ሙሉ» አልሁ። «ቂል» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

በማግስቱ የዋርሳዬን ጉድጓድ በጎማ ቱቦ ስበን አፈሰስነው። ፕላስቲኩን በመጥረጊያ አጠብሁት፤ እሷ ዳር ቆማ፣ እዚህ ጋ፣ እዚያ ጋ ትለኛለች። የውሃ አባት አዲስ ውሃ በሽንኩርቱ መካከል አመጣላት፤ ተራው የማን እንደነበረ አላውቅም። ለመሙላት ሁለት ቀን ፈጀበት። በእነዚያ ቀናት አንድም አልቀለደችብኝም። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውሁት፤ የሚስቅ ከሌለ ቀልድ ጭቃ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጧት አስጠራችኝ። ከጋኑ አንዲት መካከለኛ ዓሣ በእጇ አውጥታ ነበር።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «ይችን አንዷን ጉድጓዱ ውስጥ እጥላታለሁ። እስከ እኩለ ቀን እናያታለን። ከሞተች አንተም ሂድ፣ እኔም ዶማዬን አነሣለሁ።»

ጣለቻት። ዓሣዋ ዳር ላይ ዝም ብላ ቆመች። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተውን። ከላይ ፀሐዩ ይከራል። ዓሣዋ አልሄደችም። ጎኗ ሲነሣ ሲወድቅ አያለሁ፤ ወይም የማይ ይመስለኛል። «ትተነፍሳለች?» አልኋት። «ዓይን የለህም እንዴ?» አለች። «የለኝም» አልሁ፤ እውነቴን ነው።

አንድ ጊዜ ወደ ላይ ቀረበች። የዋርሳዬ እጅ ጉልበቷ ላይ ቆመ። ዓሣዋ አፏን ከውሃው ገጽ አጠገብ አደረሰችና አንዲት ምስጥ ለቀመች። ምስጧን ማን እንደጣለላት አላየሁም፤ ግን የዋርሳዬ መዳፍ ባዶ ሆኖ ነበር። ከዚያ ዓሣዋ ጅራቷን አንዴ መታ አድርጋ ወደ ጥልቁ ሄደች፤ ከዓይናችን ጠፋች።

እኩለ ቀን ድረስ አልተነሣንም። ጥላችን እግራችን ሥር እስኪገባ ጠበቅን። ሁለት ጊዜ ከታች ተመልሳ ታየች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሆዷ ወደ ታች ነው እንጂ በጎኗ አልነበረችም።

ዋርሳዬ ተነሣች። ወደ ቡሃቃው ሄዳ ወንፊቱን ገለጠች፤ ጎንበስ ብላ ቆየች። «ና እይ» አለች። ሄጄ አየሁ። እናቲቱ አለች፤ ከጫጩቶቹ ውስጥ ግን አብዛኞቹ የሉም።

«ሞቱ?» አልሁ።

«አፏን እየው» አለች።

ጉንጯ ተነፍቷል፤ ገጥማዋለች።

«በዚያ በኩል ያዝ» አለችኝ የቡሃቃውን ጆሮ እያሳየችኝ። «ከነውሃው ነው የምናወርዳት። ከተንሸራተትህ አንተን ነው የምቀብርህ፣ ዋርሳ፤ ቀስ።»